የእማ ሻንጣ አጅባር ነው

ቅዳሜ

ሻንጣው የኛ አይደለም።

ያወቅነው ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ መካነ ሰላም ስንገባ እማም እኔም ቆመን የምናንቀላፋ ነበርን። ከጂዳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲህ በሚኒባስ አቧራ እየቃምን። ማን ሻንጣ ይፈታል? ዛሬ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ከመካ የተመለሰችውን እማን "ዑምራሽ መቅቡል ይሁን" ሊላት ስለሚመጣ ቴምሩንና መስገጃውን ላውጣ ብዬ ሻንጣው የተጠቀለለበትን ሰማያዊ ፕላስቲክ በቢላ ቀደድኩት።

ላይ ላዩን የወንድ ጃኬት። ከሥሩ የወንድ ሹራብ። ከሹራቡ ሥር ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ካልሲ የተጠቀጠቀበት።

እማ አየችኝ። አየኋት።

"የማን ባል ነው?" አለች።

ሌላም አለ። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ተጣጣፊ ከዘራ፣ የደረት ቅባት፣ የሱፍ ኮፍያ። አንድም የሴት ነገር የለም። በሻንጣው ጎን ላይ ግን ፕላስቲኩ ሸፍኖት የነበረ በጥቁር ማርከር የተጻፈ ጽሑፍ አለ፦ "መሬም፣ ወሎ፣ አጅባር"፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

እንዴት እንደሆነ አሁን እየገባኝ ነው። ቦሌ ላይ ግማሹ መንገደኛ ከጂዳ ነው፤ ግማሹ ሻንጣ ግራጫ ነው፤ ሁሉም በሰማያዊ ፕላስቲክ ተጠቅልሏል። እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ያሰርኩት እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ለካ አረንጓዴ ጨርቅ ለማሰር ያሰብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እማ "ያውልሽ የኛ" አለች፣ ጎተትኩት፣ አለቀ።

ይባስ ብሎ ለኮምቦልቻው በረራ ሲመዝኑት ክብደቱ ጨምሮ ተገኘ። "ሚዛናችሁ ተበላሽቷል!" ብዬ ከሠራተኛው ጋር ተሟገትኩ። ጂዳ ላይ ቴምር እያወጣን፣ ሦስት ቀሚስ ደራርበን ለብሰን ያስተካከልነው ክብደት በአንድ ሌሊት አድጎ! ልጁ እማን አይቶ አዘነና አሳለፈን። ምስኪን፣ ሚዛኑ ልክ ነበር።

የኛ ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ልጻፍ። ቴምር። መስገጃ። ሽቶ። ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ የተገዛ ሻርፕ። የእማ ከፈን።

ከፈኑ ነው የጨነቀኝ። ስትሞት የምትገነዝበት ነጭ ጨርቅ ነው። እዚያው ገዝታ፣ በዘምዘም ውሃ በገዛ እጇ አጥባ፣ ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ስታሰጣው አጠገቡ ተቀምጣ ጠብቃዋለች። አባባ ከሞተ ጀምሮ የምታወራው ስለዚሁ ጨርቅ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬውን ስለማልወደው ጥግ ይዤ ስልኬን እነካካ ነበር።

ዛሬ ቴምሩ ጠፋ ብላ ተማረረች፣ ሻርፑ ጠፋ ብላ ተማረረች። ከፈኑን አላነሳችም።

እሑድ

ስልኩ አይሠራም። "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።" ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም።

እንግዶች መጡ። እትዬ አስካለ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ በዚያው ገቡ፣ እማን አቅፈው ሁለት ጉንጯን ሳሙ። "ማሻአላህ፣ ፊትሽ በራ!" ሻንጣው ተቀየረ ሲባሉ ሳቁ። ጃኬቱን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት።

"ይኼ የጎረምሳ አይደለም። ትከሻው ለጎበጠ ሰው የተመረጠ ነው።"

እማ፣ "እኔ ደግሞ ሙሽራ ነው የመሰለኝ።"

"ሙሽራ ከዘራ ምን ይሠራለታል?"

ሁለቱም ተንከተከቱ። እኔ አልሳቅኩም። መሬም የምትባል ሴት ለምን ሙሉ ሻንጣ የወንድ ልብስ ትይዛለች? የራሷ ልብስ የት አለ? ነጋዴ ናት? ነጋዴ እንዳትባል ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ አንድ ነው፤ አንድ ጃኬት፣ አንድ ጥንድ ጫማ።

ሰኞ

በእረፍት ሰዓቴ ለአየር ማረፊያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ደወልኩ። ሴትየዋ ትሑት ናት። የሻንጣ ቁጥሩን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ጠበቅኩ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። ሻንጣዬ ተቀይሯል ብሎ ያመለከተ ሌላ ሰው የለም።

አልገባኝም። መሬም የኛን ሻንጣ ከፍታ የአሮጊት ቀሚስና ሰባት ዓይነት የተስቢህ መቁጠሪያ ስታይ ምን አለች? እንዴት አትፈልገንም? ወይስ ተመችቷት ቀረ?

የሚያሳስበኝ፦
ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ ፈቃድ አልቋል።
እማ ምግብ ቀንሳለች።
እማ ብርድ ልብሱን ከሻንጣው አውጥታ፣ አራግፋ፣ አጥፋ መለሰችው። ሁለት ጊዜ።

ማታ "ነገ አጅባር እንሂድ" አለች። ብቻዬን ልሂድ አልኳት። "የገዛ ሻንጣዬን ለምን በተወካይ አስመጣለሁ?" አለችኝ። በዚህ ቋንቋ ስትናገር ክርክር የለም። አጅባር ቅርብ ነው፣ ሳይንት ወረዳ፤ ደርሰን እንመለሳለን።

ማክሰኞ

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ዛሬ የሆነውን ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ።

ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። ሻንጣው ጣሪያ ላይ፣ ከሁለት ማዳበሪያ ሽንኩርትና ከታሰሩ ዶሮዎች ጋር። መንገዱ የደንቆሮን ጫካ ይዞ ነው የሚሄደው። ብርዱ ይነክሳል። ረጅሙ የጅብራ ተክል ጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል። ድንገት ሹፌሩ ቆመ፤ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ዘግቶ ሣር ይነጫል። አንዱ ትልቁ ደረቱን ቀይ አድርጎ ዞሮ አየን፣ ከዚያ ናቀን።

እማ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ፣ "ወላሂ ሰው ነው የሚመስለው! ፀጉሩን እዪው!" ዕድሜዋን ሙሉ መካነ ሰላም ኖራ ደንቆሮን አይታ አታውቅም። መካን አይታለች፣ መዲናን አይታለች፣ የጓሮዋን ጫካ ግን ዛሬ ገና። እኔስ? አንድ ጊዜ፣ ከተማሪዎች ጋር፣ እየተቆጣሁ። ጭላዳ አላየሁም።

አጅባር ገብተን መሬም ብለን ጠየቅን። መሬም ሞልቷል። አንደኛዋ ሻይ ቤት አላት፣ ከአገር ወጥታ አታውቅም። ሁለተኛዋ ሕፃን ናት። ሦስተኛዋን ፍለጋ አንዲት እናት ቤት ወሰዱን። ልጃቸው መሬም ጂዳ ሠራተኛ ናት፤ ከደወለች ሰንብታለች። ሻንጣውን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ልጄ ላከችልኝ! ደህና ናት ማለት ነው!"

ሻንጣውን ከፈትኩላቸው። ጃኬቱን አወጡ፣ ጫማውን አዩ፣ ቀስ ብለው መለሱት።

"ወንድ ቤቴ እንደሌለ ታውቃለች" አሉ። "የኔ ልጅ አይደለችም።"

እማ አጠገባቸው ተቀመጠች። ብዙ ቆየች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ስትነሳ ግን ሴትየዋ እጇን አልለቅ ብለዋት ነበር።

መስጊዱ በር ላይ ቆመን ስልኩን እንደገና ሞከርኩ። ጠራ! የወንድ ድምፅ። የመሬም አጎት ነኝ አለ።

"ሻንጣችሁን ይዘን አጅባር መጥተናል" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ! የት ናችሁ?"

"መስጊዱ በር ላይ።"

"እኔም ከመስጊድ እየወጣሁ ነው። በር ላይ ነኝ። አላየኋችሁም።"

"ትልቅ ግራጫ ሻንጣ ይዘናል፤ እማም ነጭ ለብሳለች።"

"የቱ በር? በገበያው በኩል?"

"በገበያው በኩል!"

"እኔም እኮ በገበያው በኩል ነኝ እህቴ።"

ዞርኩ። ዞርኩ። እጄን አውለበለብኩ። አንድ የማላውቀው ሰው መልሶ አውለበለበልኝ፤ እሱ አልነበረም። እማ "ጂን ነው እንዴ የምታናግሪው?" አለች።

"ሳይንት አጅባር ነው ያላችሁት?" አለ ሰውየው በመጨረሻ። "እኛ እኮ ተንታ ነን። የተንታው አጅባር።"

ሁለት አጅባር አለ። አውቃለሁ። ካርታ ላይ በጣቴ እየነካሁ ያስተማርኩት ነው።

ሻንጣችን ደህና እንደሆነ ጠየቅኩት። "ሻንጣው አለ። ግን... በስልክ የሚነገር አይደለም። እባካችሁ ኑ። እናትሽም ይምጡ፣ እናትሽ የግድ ይምጡ" አለና መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልጠራም።

ረቡዕ

መካነ ሰላም ተመልሰናል። ሌሊቱን አልተኛሁም።

በስልክ የማይነገር ምንድን ነው? ሻንጣው ውስጥ ሌላ ሰው የከተተው ነገር ተገኝቶ ይሆን? ጂዳ ላይ አንዲት ሴት "ይቺን ትንሽ ዕቃ ያዢልኝ" ስትለኝ እምቢ ብያለሁ። እማስ እምቢ ብላለች? ጠየቅኳት። "ማንም የሰጠኝ የለም" አለች። ከዚያ ቆም ብላ፣ "ሽቶውን አስበሽው ነው?" ሽቶ! የትኛው ሽቶ? አንዲት የሐረር ሴት በስጦታ ሰጥታት ኖሯል። ስለ ሽቶው ግማሽ ቀን ተጨነቅኩ።

እማ ግን አልተጨነቀችም። ወይም እንዴት እንደምትጨነቅ አላውቅም። ነጠላዋን አጠበች።

ርዕሰ መምህሩን ለመንኩት። "እስከ እሑድ" አለኝ፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

ሐሙስ

ደሴ። ወደ ተንታው አጅባር የሚኬደው በዚህ ነው። ከአቀስታ ወዲህ ጭጋግ፤ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ለብቻው። የሚኒባሱ መስኮት አይዘጋም። እማ ተንቀጠቀጠች፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ከሻንጣው ብርድ ልብሱን ላውጣልሽ አልኳት።

"የሰው ነው።"

"ለአንድ ሰዓት እኮ ነው፣ እማ።"

"ለአንድ ሰዓትም የሰው ነው።"

ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ጋቢውን አውልቆ ሰጣት። የሱን ወሰደች። "እሱማ በፈቃዱ ነዋ የሰጠኝ" አለች። እኔ ተናድጄ እስከ ደሴ አላናገርኳትም፤ ልብ ብላ እንደሆነም እንጃ።

ዓርብ

ልክ እንደሆነው ልጻፈው።

የአጅባር አውቶቡስ ከጁምዓ ሰላት በኋላ አደረሰን። አጎትየው መናኸሪያ ጠበቀን፤ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው። ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገው፣ ፊት ፊት ሄደ። ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ድንኳኑን ሳየው ሰርግ መሰለኝ። ከዚያ ሰዎቹን አየሁ።

መሬም ከውስጥ ወጣች። ከኔ ታንሳለች። እማን ስታይ ሮጣ እግሯ ላይ ወደቀች።

"አውፍ በሉኝ እማማ! ይቅር በሉኝ! የርስዎን ሐቅ አባቴ ይዞት ሄደ!"

ማንም አላስነሳትም። እማ ናት ጎንበስ ብላ በክንዷ ያነሳቻት። ውስጥ ገባን። መሬም እያለቀሰች፣ አንዳንዴ እያቋረጠች ነገረችን።

አባቷ ሳንባቸውን ታመው ከረሙ። ዘመዶቿ ብርድ ነው የሚገላቸው ብለው ስለነገሯት ደሞዟን ተቀብላ፣ የራሷን ዕቃ ለጓደኞቿ ሰጥታ፣ ሻንጣውን በሙሉ በአባቷ ልብስ ሞላችው። ደረሰች። በሕይወት ሳሉ ደረሰችባቸው። ፍራሹ ላይ እየተንቀጠቀጡ አገኘቻቸው፤ ብርድ ልብሱን ላልብሳቸው ብላ እዚያው አጠገባቸው ሻንጣውን ከፈተች።

"ነጭ ጨርቅ ወጣ" አለች። "መጀመሪያ አልገባኝም። ሳነሳው የሚስክ ሽቶው ሸተተ። አባቴ ዐይኑን ገለጠ። እጁን ዘረጋ፣ ሰጠሁት። ደረቱ ላይ አደረገው። 'ልጄ የዘምዘም ከፈን አመጣችልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲህ አልፈራም' አለ። እማማ፣ የኛ አይደለም ማለት አቃተኝ። አፌ እምቢ አለኝ። በበነጋው ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሒ ላይ ሄደ። ጨርቁን እንደያዘ።"

አጎትየው ቀጠለ። "ሽማግሌዎቹ ተማከርን። የሰው ንብረት መሆኑን ነገረችን፣ አልደበቀችም። ከእጁ ነጥቀን በሌላ ልንከፍነው አንጀታችን አልቻለም። ባለቤቷን ፈልገን አውፍታ እንጠይቃለን ብለን ቀበርነው። አሁን ወንድሜ በናንተ ሐቅ ተጠቅልሎ ነው የተኛው። ከልብዎ ፈቅደው ሐላል ካላሉት..." አልጨረሰውም።

ሁሉም እማን ነው የሚያየው። እኔ በልቤ "በይዋ፣ ሐላል ነው በይ፣ አንድ ቃል ናት" እያልኩ ነበር። እንዲያውም ልናገርላት አፌን ከፍቻለሁ። ክንዴን ያዘችኝ።

"ደክሞኛል" አለች። "ጋደም ልበል።"

መሬም ፊቷ አመድ መሰለ። አልጋ አነጠፈችላት። እማ ጋቢ ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ተኝታለች? አላውቅም። ተናዳለች? አላውቅም። እናቴን የማውቃት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት እማ ከሁሉም ቀድማ ተነስታ፣ ታጥባ ዉዱ አድርጋ፣ ሰግዳ ጨርሳ አገኘኋት።

"የተቀበረበትን አሳዩኝ" አለች።

አጎትየው አመነታ። ሴት ወደ መቃብር መውጣቱ እምብዛም አይለመድም። "አልገባም፣ ዳር ቆሜ ነው" አለችው። አራታችን ሄድን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆመች። አዲሱ አፈር ከዚያ ይታያል። ነፋስ ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤት እንደምትጣራ ሆና ነው የተናገረችው።

"አንቱ ሰው! አላውቅዎትም። ያን ጨርቅ ለራሴ ነው ያጠብኩት። ትናንት ሐላል ልል ነበር፣ ከአንጀቴ አልወጣ አለኝ። በአፌ ብቻ ብዬ አላህን ልዋሸው አልፈለግኩም። አድሬ መጣሁ።" አለቀ ብዬ ነበር። "ሐላል ብያለሁ። በዱንያም በአኺራም፣ እዚህም እዚያም አልጠይቅዎትም። ለሞቀው ሰው ይሁን።"

መሬም መሬት ላይ ተቀምጣ ጮኻ አለቀሰች። አጎትየው ፊቱን አዞረ። እኔ የት እንደማይ አጣሁ። "ለሞቀው ሰው ይሁን" ምን ማለት ነው? አሁንም አልገባኝም፤ አልጠየቅኳትም።

ስንመለስ አጎትየው፣ ቀለል ብሎት፣ በዳገቱ በኩል ወሰደን። "ያቻትላችሁ፣ መቅደላ።" አምባዋ ከገደሉ ማዶ፣ ጠፍጣፋ አናቷ ላይ ደመና ተቀምጦባት። ስለ ቴዎድሮስ ለተማሪ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ በዐይኔ ያየኋት ግን ዛሬ ነው።

እማ ዐይኗን አጥብባ አየች። "ውሃ አላት?"

"ምንጭ አላት።"

"ሰው ይወጣታል?"

"ጉልበት ላለው።"

"ታዲያ ለምን ቆመን እናያለን?" አለች። የምር ልትወጣ ነበር! መሬም ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ደንግጣ ነው የሳቀችው። እኔ "እማ፣ በዚህ ጉልበት!" ብዬ ለምኜ መለስኳት፤ አሁን ለምን እንደመለስኳት ይቆጨኛል።

ከሰዓት ሻንጣችንን ሰጡን። ቴምሩን ለለቀስተኛ አቅርበውታል፤ ለሱም አውፍ ይበሉን ተባለች፣ ለሱስ ወዲያው ነው እሺ ያለችው። ሻርፑ አለ። የመሬምን ሻንጣ ማንም አልከፈተውም። ጥግ ላይ ቆሟል።

እሑድ

ደሴ። ሻንጣው ቀሎ የአውቶቡሱ ረዳት እንኳ አልተጨቃጨቀንም።

መንገዱን ሙሉ እማን ሳያት ነበር። እውነት ከልቧ ነው? ወይስ ሰው ሁሉ ስላያት? አዝና ይሆን? በመስኮቱ ታያለች፣ አንዳንዴ ያንቀላፋታል፣ አንዳንዴ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። መሬም ሁለት ጊዜ ደወለችላት። ስለ ምን እንዳወሩ ስጠይቃት "ስለ ሥራ" አለችኝ። የምን ሥራ?

ከመናኸሪያው ወጥተን ጨርቅ ተራውን ስናልፍ ነጭ ጣቃ ተደርድሮ አየሁ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"እማ፣ ሌላ ልግዛልሽ? በጀሪካን ያመጣነው ዘምዘም ቤት አለን፣ እናጥበዋለን።"

ቆመች። ጣቃውን አየች። እኔን አየች።

"ምን አስቸኮለሽ?" አለችኝ።

ቁጣ ይሁን ቀልድ አልለየሁም። ሱቁ ገባች። ነጩን አልፋ፣ ቀይ አበባ ያለበት ጨርቅ ከላይ አስወርዳ፣ ጫፉን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ባለሱቁን ላብ እስኪያልበው ተከራከረችው። አባባ ከሞተ ወዲህ ቀይ ለብሳ አይቻት አላውቅም። ከዚያ አጠገቡ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ፣ እጅጌው አይርዘም፣ ዳገት ስሄድ ይይዘኛል አለችው።

"ስትሄጂ ወዴት?" አልኳት።

ለክንዷ ልኬት እጇን ዘርግታ ቆማለች።

ሰፊው ነገ ከሰዓት ይደርሳል አለ። ነገም ደሴ ነን ማለት ነው። ለርዕሰ መምህሩ ደውዬ ምን እንደምለው አላውቅም።